አንድ ጭቃ ቤት፣ ሁለት ዋጋ

ቴሌግራም ላይ የሮቤ ወይም የጎባ ቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ አጻጻፉን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ የሚመጣው ካሬው ነው፤ 300 ካሬ፣ 500 ካሬ። ቀጥሎ ካርታ አለው ወይስ የለውም። ቀጥሎ ከአስፋልት ምን ያህል ይርቃል፣ የማዕዘን ቦታ ነው ወይ፣ ውሃና መብራት ገብቷል ወይ። ቤቱ ራሱ መጨረሻ ላይ በሁለት ቃል ይጠቀሳል፦ "ጭቃ ቤት አለው"። አንዳንዴ እሷም ትዘለላለች።

ውል መጻፊያው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደላላው ሲያወራ የዋለው ስለ ቦታው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን "ቤቴን ሸጫለሁ" የሚል ነው። ሻጭም፣ ገዢም፣ ምስክሮቹም የተሸጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ማንም አይዋሽም፤ ግን ማንም ነገሩን በስሙ አይጠራውም።

እኔ ጎባ ነው ያደግኩት። ፎቅ የሌለው፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ የተቀመጠ ቤት የባሌ ደጋ ከተሞች መደበኛ መልክ ነው። የግንባታ ባለሙያዎች "ጂ ፕላስ ዜሮ" ይሉታል፤ ብሎኬት ሆኖ ልስንና ቀለም ካገኘ "ቪላ" ይባላል፤ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ግን ብዙው የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ይህ ቤት እንዴት የመሬት መሸጫ ሽፋን ሆነ? መልሱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል።

ከተማ ማለት ሰፈር ነበር

"ከተማ" የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሽታ አለው። ሹም ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ ሲቀመጥ "ከተመ" ይባላል፤ የከተመበት ቦታ ከተማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር ባሌን ሲይዝ ጎባም የወታደርና የሹም መቀመጫ ሆነች። ቦታው ባዶ አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞ ከብቱን የሚያግድበት፣ ገብሱን የሚዘራበት አገር ነበር።

ለወታደሩ በብር የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም፤ በደመወዝ ፋንታ ገበሬ ተመደበለት። ገበሬው ገባር ሆነ፤ እህል ያቀርባል፣ በጉልበቱ ያገለግላል። ቀስ በቀስ መሬቱ በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ተመደበ፤ በምድቡ ልክ ግብር ተጣለበት፤ ግብሩን መክፈል ያቃተው ሰው መሬቱን አጣ።

የዚህ ሁሉ መዝገብ የሚቀመጠው፣ ክርክሩ የሚሰማው፣ ግብሩ የሚገባው ከተማ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በጎባ ቦታ መያዝ ማለት ከመዝገቡ አጠገብ መቀመጥ ማለት ነበር። ሹሙ፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴው፣ ጡረታ የወጣው ወታደር ግቢውን ሰፊ አድርጎ አጠረ፤ መሐል ላይ ቤቱን ሠራ፤ ዳር ዳሩን ለሚከራይ ሰው ክፍል ቀጠለ። ዛሬ አሮጌው ሰፈር ውስጥ የምናያቸው ሰፋፊ ግቢዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቅርጽ ናቸው።

ገጠሩ ግን ዝም አላለም። በ1955 ዓ.ም. ገደማ የተቀጣጠለውና እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው የባሌ አመፅ መሬትን፣ ግብርን፣ ሃይማኖትንና የአስተዳደር በደልን አንድ ላይ ያነሳ ነበር። ከመሪዎቹ ዋነኛው ዋቆ ጉቱ ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን አመፅ ከትግራይና ከጎጃም የገበሬ አመፆች ጎን አስቀምጠው አጥንተውታል። በመሐሉ፣ በየካቲት 1957፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ ወጡ። መፈክሩ ለገጠር ግልጽ ነው፦ ያረሰ ይያዝ። ከተማ ውስጥ ግን የሚያርስ የለም። የከተማ መሬት ለማን?

1967

መልሱ ከአብዮቱ በኋላ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ።

ይህ አዋጅ ዛሬም በየቤታችን አለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ከዚያ የተረፈው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ። ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ለቦታው ካሳ አይከፈልም ተባለ። ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ፤ የትናንሾቹ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ሄደ፤ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች ሥር ሆነ። "የቀበሌ ቤት" የምንለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው።

ያን ቀን አንድ ግቢ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን አስቧቸው። መሐል ያለው ትልቁ ቤት ባለቤቱ ኖሮበት ቀረ። ዳር ላይ የነበሩት ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ባለቤቱ የዳሩን ቤት በማጣቱ አለቀሰ፤ ተከራዩ ኪራዩ ስለቀነሰለት ተደሰተ። ግድግዳ የሚጋሩ፣ ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ጎረቤታሞች፣ ወረቀታቸው ብቻ ተለያየ። አንደኛው ቤት ሊወረስና ሊሸጥ የሚችል ንብረት ነው። ሌላኛው ደግሞ በቀላል ኪራይ የሚኖሩበት፣ ግን የማይሸጡት ቤት ነው። ያኔ ልዩነቱ ያን ያህል አልታየም፤ ገበያው ተኝቶ ነበርና። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አንደኛውን ሚሊየነር፣ ሁለተኛውን ባዶ እጁን የሚያስቀር ልዩነት ሆነ።

ሕጉ አንድ ስንጥቅ ትቶ ነበር። መሬቱን ወሰደ፤ የሚኖሩበትን ቤት ግን ለሰውየው ተወለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ግን ሰው ሙሉ መብት እንዳለው ጻፈ። እናማ ቤቱ የኔ፣ መሬቱ የመንግሥት። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ቤት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሸጣል እንዴ?

ጭቃው ስንት ያወጣል?

ጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚው ይተከላል፤ ማገር በምስማር ይመታበታል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል። ከዚያ አፈር ከጭድ ጋር ይቦካል። የስንዴ አገር ነውና ጭዱ ከሩቅ አይመጣም። ጭቃው ቀናት ይቆያል፤ በእግር ይረገጣል፤ እንደገና ይረገጣል። እኛ ልጆች ሆነን አያቴ ግቢ ምርጊት ሲኖር ከትምህርት ቤት የምንሮጠው ለዚህች ርግጫ ነበር። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት፣ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ደግሞ ቀጭኑ ልስን። ውስጡ አቡጀዴ ኮርኒስ። ክረምት የበላውን ግድግዳ በየዓመቱ መጠገን ነው።

ለባሌ ደጋ ይህ ቤት ሞኝ ምርጫ አልነበረም። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሳነቴ አለ። ሌሊቱ ብርድ ነው። ወፍራም ጭቃና ዝቅ ያለ ኮርኒስ የከሰሉን ሙቀት ይይዛሉ። ቤቱ ወደ ላይ ባያድግም ወደ ጎን ይቀጠላል፤ ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል፣ ተከራይ ሲገኝ ሰርቪስ።

ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እንጨት፣ አፈር፣ ጭድ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ የጎረቤት ጉልበት። አርጅቶ የጎበጠ ጭቃ ቤት ተፈትቶ ቢሸጥ ከማገዶና ከአሮጌ ቆርቆሮ የተለየ ምን ያወጣል? ገዢውም ይህን ያውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ማፍረስ ነው። ውሉ ላይ "ቤት" ተብሎ ከተከፈለው ገንዘብ ውስጥ የቤቱ ድርሻ ትንሽ ናት። የቀረው በሕግ የማይሸጠው ነገር ዋጋ ነው።

አሥራ አራት ኪሎ ሜትር

ይህን ለማየት ከጎባ ወደ ሮቤ መሄድ ይበቃል። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭቃው አንድ፣ ባሕር ዛፉ አንድ፣ ቆርቆሮው አንድ። ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ባሌ ክፍለ ሀገር ሳለች ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች። ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ጎባ ከ28 ሺሕ በላይ፣ ሮቤ ከ21 ሺሕ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ጎባ 32 ሺሕ ስትደርስ ሮቤ 44 ሺሕ አልፋለች። አንዷ በዝግታ ስትራመድ ሌላዋ እጥፍ ሆነች።

ምክንያቱ ተደራራቢ ነው። ጎባ ከተራራው ሥር ተጠግታለች፤ ሮቤ ግን የሲናና ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፣ ዙሪያዋ ስንዴ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ ገበሬው "ገና" እና "ቦና" ብሎ ሁለቴ ይዘራል። ኮምባይነር የሚሠራበት አገር ነው። ምርቱ ጥሩ በሆነ ዓመት የገበሬው ገንዘብ ወደ ከተማ ይመጣል፤ ባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ ሮቤ ላይ አንድ ግቢ መያዝን የሚመርጥ ብዙ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ አሉ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም እዚያው ነው፤ አስተማሪው፣ ሠራተኛው፣ በማታ የሚማረው ሁሉ ክፍል ይፈልጋል። በየጓሮው የተደረደረው ሰርቪስ ቤት የዚህ ልጅ ነው። ጎባም ዝም ብላ አልቀረችም፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ እሷ ጋ ነው፤ ከሆስፒታሉ አካባቢ ያለ ክፍል ተከራይ አያጣም።

እንግዲህ አስቡት። የአንድ የሮቤ ጭቃ ቤት ባለቤት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግድግዳው ላይ ምንም አልጨመረም እንበል። ቤቱ እንዲያውም አርጅቷል። ዋጋው ግን ወጥቷል። ያወጣው አስፋልቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቢሮው፣ ስንዴው፣ በአጠቃላይ ሌላው ሰው ሁሉ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተከራከረው ይህንኑ ነበር፦ የመሬትን ዋጋ የሚፈጥረው ማኅበረሰቡ ስለሆነ ግብሩም በዚያ ላይ ይሁን፣ ሰው በሠራው ቤት ላይ ግን አይሁን። ጆርጅ ባሌን አያውቅም፤ ጥያቄው ግን የሮቤን አስፋልት ተከትሎ ይመጣል።

ሊዝና ጨረቃ ቤት

የኢሕአዴግ መንግሥት መሬቱን ለግል አልመለሰም። በ1986 በአዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ፤ በ1994 አሻሻለው፤ በ2004 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 አጠበቀው። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ከሊዝ በፊት የተያዘው ቦታ "ነባር ይዞታ" ይባላል። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው የሊዝ ባለይዞታ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አባት ለልጁ ሲያወርስ ቦታው እንደነበረ ይቀጥላል፤ ለጎረቤት ሲሸጥ ግን መንግሥት "ባለቤቱ እኔ ነኝ" ይላል።

አዋጁ ባዶ ቦታ ይዞ የሚነግደውንም አሰበበት። በሊዝ የያዘውን ቦታ ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውንም ግንባታ ዋጋ ያገኛል፤ ከቦታው የማስተላለፊያ ዋጋ ላይ ግን 5 በመቶ ብቻ ነው የሚደርሰው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ መልእክቱም ለገበያው ግልጽ ነበር። መሬት ለመሸጥ መጀመሪያ ግድግዳ አቁም።

ይህ አመክንዮ ከሕግ ውጭም ይሠራል። "ጨረቃ ቤት" የሚለውን ቃል የማያውቅ የኢትዮጵያ ከተሜ የለም፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ቆርቆሮ ለብሶ የሚገኝ ቤት። በየከተማው ዳር ያለ ገበሬ ከተማው እየመጣበት እንደሆነ ያያል። ነገ በካሳ ከሚወሰድበት ዛሬ ለፈለገ ሰው ቆርሶ መስጠት ይሻለዋል። ግን መሬት አይሸጥም። ስለዚህ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ይቆማል፤ ውሉ የቤት ውል ይሆናል። ገዢውም ያቺን ክፍል ለመኖሪያ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ነው የሚያያት።

መሬት የመንግሥት ሆኖ ገበያ መኖሩ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከአንድ ካቴድራል ቦታ በስተቀር መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ሰው የሚገዛው የሊዝ ዘመን ነው። ቻይናም በ1988 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የመሬት መጠቀሚያ መብት እንዲተላለፍ ፈቅዳለች። እዚያ የሚነገደው ነገር በስሙ ይጠራል። እኛ ጋ አዲሱ የሊዝ ቦታ ላይ እንዲሁ ነው፤ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ግን ቦታው የቤት ስም ተውሶ ነው የሚዞረው።

ሁለቱ ዋጋዎች

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ሻጭ ተስማማ፣ ገዢ ተስማማ፣ በቃ" ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ያው ቤት ሁለት ዋጋ ያለው መሆኑ ነው።

ገበያው ሲመጣ የሚከፍለው ለቦታው ነው። መንግሥት ለልማት ሲመጣ የሚከፍለው ለቤቱ ነው። ካሳው የሚሰላው መሬቱ ላይ ባለው ንብረት ነው፤ ቤቱን እንደ አዲስ ለመሥራት ምን ያህል ያስፈልጋል ተብሎ ይታያል፤ ምትክ ቦታ ይሰጣል። ምትክ ቦታ ግን ቦታ ነው እንጂ ያው ቦታ አይደለም። ገበያ መሐል ተቀምጣ እንጀራ ስትሸጥ የኖረች እናት ከተማ ዳር ላይ ተመሳሳይ ካሬ ቢሰጣትም ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ በየክልል ከተማው በገባበት በዚህ ዘመን ይህ ልዩነት የወረቀት ክርክር መሆኑ ቀርቷል።

ሌላም ግፊት አለ። በብዙ ከተሞቻችን ዋና መንገድ ዳር የከተማው ፕላን ፎቅ ይጠይቃል። ጭቃ ቤቱ ያረጀበት ሰው በቦታው መልሶ ዝቅ ያለ ቤት ልሥራ ቢል ፈቃድ ላያገኝ ይችላል። ፎቅ ለመሥራት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ይሸጣል። ወይም ይሞታል፤ ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዲሲ፣ አንዱ እዚያው ቤቱ ውስጥ ይሆናሉ። 300 ካሬ ለሦስት አይቆረጥም። በርስት ቀልድ የለም ይባላል፤ ቀልዱ ሲያልቅ ደላላ ይጠራል። እዚያው ሲኖር የነበረው ልጅ ድርሻውን ተቀብሎ በዚያው ሰፈር አንድ ክፍል እንኳ መግዛት ሲያቅተው አይቻለሁ።

እስካሁን ያወራነው ደግሞ ካርታ ስላለው ሰው ነው። ግድግዳ የሚጋራው የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ከሁለቱም ዋጋ ውጭ ነው። ሃምሳ ዓመት ጣሪያውን ሲያድስ፣ ጭቃውን ሲመርግ ኖሯል፤ ገበያ ሲመጣ የሚሸጠው የለውም፤ ልማት ሲመጣ ጥያቄው "ወዴት ትሄዳለህ?" የሚል ነው። ከተማው ዳር ያለው ገበሬም እንዲሁ ነው። ዛሬ ቆርሶ የሰጠውን ቦታ ነገ ሦስተኛው ገዢ ስንት እጥፍ አድርጎ ሲሸጠው ቆሞ ያያል። አመፅ የተነሣበት፣ አብዮት የተካሄደበት ጥያቄ ከመሬት የሚገኘው ጥቅም ለማን ይድረስ የሚል ነበር። አሁን ያለው መልስ፣ በ1967 ማን የትኛው ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር በሚለው ላይ ይንጠለጠላል።

የ1967ቱን አዋጅ የሚያወግዝም የሚያወድስም ብዙ ነው፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ጠባብ ነገር ነው። መሬት የሕዝብ ነው ካልን ሮቤ መሐል ያለ ቦታ በተሸጠ ቁጥር የጨመረው ዋጋ ከፊሉ ለሰፈሩ ውሃ፣ ለቀበሌ ቤት ጥገና ሲውል መታየት ነበረበት። የለም፣ ቦታው የሰውየው ነው ካልን ደግሞ ልማት ሲያነሳው የቦታውን ዋጋ ማግኘት ነበረበት። አሁን እንደ ሁኔታው አንዴ ያኛውን፣ አንዴ ይህኛውን እንላለን። ጭቃ ቤቱ መሐል ላይ ቆሞ ለሁለቱም ሽፋን ይሰጣል።

በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ዓመታዊ የግብር ደረሰኝ ይኖራል፤ ሰዉ "የጣሪያና ግድግዳ" የሚለው። መሠረቱ በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። የአዋጁ ስም "የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር" ይላል። ለቦታው ኪራይ፣ ለቤቱ ግብር። ኪራይ የሚከፈለው የሌላ ሰው ለሆነ ነገር ነው፤ ግብር የሚከፈለው የራስ በሆነ ነገር ላይ ነው። ቤተሰባችሁ ቤቱን ለመሸጥ ሲመካከር ያቺን ደረሰኝ አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት። ደላላው የሚያወራው ስለ አንደኛው መስመር፣ ውሉ የሚጻፈው ስለ ሁለተኛው መስመር እንደሆነ ያኔ በግልጽ ይታያችኋል።